ሮቢት ሲወርድ የሚድን፣ ደብረ ብርሃን ሲወጣ የሚታመም መኪና

መኪናው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1982 ስሪት፣ 4ኬ የሚባለው 1,290 ሲሲ ሞተር ያለው፣ ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራተርና ለካንዴላው እሳት ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ በሚያስተኩሰው ፑንቲና የሚሠራ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቤታቸው ደብረ ብርሃን፣ እርሻቸው ሸዋ ሮቢት ስለሆነ በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ የጣርማበርን ተራራ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ባለፈው ኅዳር መጨረሻ፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ እንደሆነ፣ ጋራዤ በር ላይ ደርሰው ሞተሩን ሳያጠፉ ቁጭ አሉ።

“ይውረዱ እንጂ መምህር” አልኳቸው።

“እግሬን ካነሣሁ ይጠፋል። መጀመሪያ ስማው።”

እግራቸውን አየሁ። የጫማቸው አፍ ፍሬን ላይ፣ ጎኑ ደግሞ ነዳጅ መስጫው ላይ ተጋድሟል። ሦስት ወር ሙሉ የነዱት በዚህ ዓይነት ነው። ለሌላ ሰው ይህ የእሽቅድምድም አሽከርካሪ ጥበብ ይመስለው ይሆናል፤ እኔን ግን ያስደነገጠኝ የጣርማበር ቁልቁለት ነው። ፍሪሲዮን ረግጠው ማርሽ ሊቀይሩ ሲሉ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ለፍሬኑ አጋዥ የተጠራቀመው ቫኪዩም፣ የሞተሩ የመሳብ ኃይል፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ርግጫ በኋላ ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። አንድ ጊዜ ደርሶባቸዋል፤ በእጅ ፍሬን ነው የቆሙት።

የነገሩኝ ይህን ነው። ጠዋት በቾክ ይነሣል። ቾኩ ሲመለስ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። መንገድ ላይ በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ምንም አይታይበትም፣ ዳገትም ይወጣል። ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቀስ ብሎ መዞር፣ ግን አይዝም። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ያሳሳተችውን ነገር ጨመሩ፦ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ሚኒሞው ይመለሳል። እንደ ድሮው ባይሆንም አይጠፋም። ሲመለሱ፣ ደብረ ሲናን አልፈው መውጣት ሲጀምሩ፣ ሕመሙ አብሮ ይመለሳል።

ከእኔ በፊት ያዩት ባለሙያዎች ከዚህ ተነሥተው ካርቡራተር ነው አሉ። አልፈርድባቸውም፤ አስተሳሰቡ ትክክል ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን እንኳን አይሞላም። ካርቡራተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ነዳጁን ያበዛል። ካንዴላዎቹን ሲፈቱ አራቱም ጥላሸት ለብሰው ተገኙ። እንግዲህ ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው ተባለና ካርቡራተሩ ሁለት ጊዜ ተፈታ፣ ታጠበ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ጄቱ፣ በጠባብ ተተካ፣ የቤንዚን ፓምፑም አዲስ ሆነ። የሚኒሞው ብሎንም እየተጠበቀ እየተጠበቀ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው የስሮትል በር መዘጋት እስኪያቅተው ድረስ ተገፋ። በሽታው ግን ንቅንቅ አላለም።

እኔ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው። “መምህር፣ ይህ መኪና ደብረ ብርሃን ስንት ዓመት ኖረ?”

“በእኔ እጅ አሥራ አንድ ዓመት።”

አሥራ አንድ ዓመት እዚሁ ከፍታ ላይ ሚኒሞ ሲይዝ የኖረ መኪና ነው። ደብረ ብርሃን በሦስት ወር ውስጥ ከፍ አላለችም። ከፍታው የሆነ ነገር አጋልጦ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ግን እሱ ራሱ አይደለም።

የጥላሸቱንም ነገር እዚህ ላይ ልጨርሰው። ጥቁር ካንዴላ ማለት ነዳጁ አልተቃጠለም ማለት ብቻ ነው። ያልተቃጠለው ስለበዛ ነው ወይስ እሳት ስላልደረሰው? ካንዴላው ይህን አይናገርም። በእሳትና በነዳጅ መካከል የሚለይ ምርመራ ሳያደርግ ካርቡራተር ላይ ካቻቢቴ የሚያነሣ ሰው ዕድሉን እየሞከረ ነው፤ በተለይ ሚኒሞ ላይ፣ ምክንያቱም ሁለቱም በሽታዎች ሚኒሞ ላይ ድምፃቸው አንድ ነው።

መምህሩን አስወርጄ ረዳቴን አስቀመጥኩትና ነዳጅ በትንሹ እየሰጠ ሞተሩን እንዲያቆየው ነገርኩት። በመጀመሪያ የካንዴላ ገመዶቹን በፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ አንድ በአንድ እየነቀልኩ መለስኩ። አንዱ ፒስቶን ብቻ የታመመ ቢሆን ኖሮ የእሱ ገመድ ሲነቀል ሞተሩ ለውጥ አያሳይም ነበር፤ በሦስት የሚሠራ ሞተር አራተኛው ቢነቀልበት ግድ የለውም። እዚህ ግን ከአራቱ የትኛውም ሲነቀል እኩል ወደቀ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥፋቱ አራቱም በሚጋሩት ዕቃ ላይ ነው ማለት ነው። ካንዴላዎቹ፣ ገመዶቻቸውና ባልቦላዎቹ በአንድ ጊዜ ከዝርዝሩ ወጡ። የቀሩት ካርቡራተሩ፣ በካርቡራተሩ ሥር የሚገባ የተሰረቀ አየር፣ ወይም ለእሳቱ ከፍተኛ ቮልት ከሚያመነጨው ኮይል እስከ ፑንቲና ያለው የእሳት መንገድ ናቸው። ኮምፕሬሽኑንም ለካሁ፤ አራቱም ተቀራራቢ ነው። የአየር ስርቆት እንዳለ ለማወቅ በመርፌ ሲሪንጅ ውኃ በካርቡራተሩ እግርና በማኒፎልዱ ዙሪያ አንጠባጠብኩ፤ ድምፁ አልተለወጠም።

ከዚያ እሳት በተተኮሰ ቁጥር ብልጭ የሚለውን የታይሚንግ መብራት አወጣሁ። ይህን መሣሪያ ብዙ ሰው የሚያውቀው ታይሚንግ፣ የእሳቱን ጊዜ፣ ለመምታት ብቻ ነው። እኔ ግን ለምርመራ የምወደው ከምንም በላይ ነው። መያዣውን ከኮይል በሚወጣው ወፍራም ገመድ ላይ አጠለቅኩና ረዳቴ እግሩን ቀስ እያለ እንዲያነሣ ነገርኩት። ሌላው ልጅ ጋቢውን ዘርግቶ ፀሐይዋን ከለለልኝ። ሞተሩ በደቂቃ 800 ሲዞር ኮይሉ በደቂቃ 1,600 ጊዜ፣ በሴኮንድ ወደ 27 ጊዜ ይተኩሳል። ዓይን 27ቱን አይቆጥርም፤ ሲቋረጥ ግን ያያል። ጥፋቱ ነዳጅ ቢሆን ሞተሩ እየተንቀጠቀጠም መብራቱ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻዋ ዙር ድረስ ይበራ ነበር። ይኸኛው ሞተሩ ከመንቀጥቀጡ በፊት ጠፋ፣ በራ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ዘለለ፣ ከዚያ ነው ሞተሩ የተንገዳገደው። እሳት ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካርቡራተሩ ነፃ ወጣ።

እዚህ ላይ ጎበዝ መስዬ ልቀጥል እችል ነበር፤ ግን ቀጥሎ የሠራሁት ሌሎቹ ከሠሩት አይሻልም። ኮንደንሰር ነው ብዬ ደመደምኩ። ለምን? ርካሽ ስለሆነና ብዙ ጊዜ ስለሚበላሽ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልነበረኝም። ቀየርኩት፤ ምንም። ኮይል ነው ብዬ ከራሴ አሮጌ መኪና ፈትቼ ገጠምኩ፤ ምንም። ፑንቲናውን የያዘውንና እሳቱን ለአራቱ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ክዳኑን በብርሃን አየሁት፤ ስንጥቅ የለውም፣ ደረቅ ነው። የፑንቲናውን ክፍተት ለካሁ፤ 0.40 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ወደ 0.45 መለስኩት፤ ድምፁ ትንሽ ተስተካከለ፣ መጥፋቱ ግን አልቀረም። በመጨረሻ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጌ ከፑንቲናው እስከ ሞተሩ አካል ድረስ ያለውን ማሳ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ፣ ለካሁ። 0.6 ኦም አለ። የቴስተሩ ሁለት ጫፎች ራሳቸው ሲነካኩ 0.2 ያሳያሉ፤ ትርፉ 0.4 ነው። ግማሽ ኦም የማይሞላ ነገር ምን ያደርጋል ብዬ አለፍኩት። ጠዋቱ በዚህ አለቀ።

ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ምሳዬ ሽሮ ነው። እየበላሁ ያቺ 0.4 አልተወችኝም። ፑንቲናው ሲገጥም በዚህ መኪና ኮይል ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ወደ 4 አምፒር ይጠጋል። አራት ሲባዛ በ0.4፣ 1.6 ቮልት። ከ12 ቮልት ላይ 1.6 ቮልት መንገድ ላይ የሚያስቀር ማሳ! ያውም ቆሞ ሲለካ ነው፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚሆን እግዜር ይወቀው። ቴስተር ኦም ሲለካ የሚልከው ኤሌክትሪክ ከኢምንት የሚቆጠር ስለሆነ ለእሱ አንድ የፀጉር ያህል ሽቦ ይበቃዋል። አራት አምፒር ለማሳለፍ ግን ያ ሽቦ አይበቃም። ይህን ለተማሪዎች ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ።

እጄን ሳልታጠብ ተመለስኩ ማለት ይቻላል። ቴስተሩን ቮልት ላይ አደረግኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ተከፍቷል፣ ፑንቲናው ገጥሟል። ቀዩን ጫፍ ኮይሉ ወደ ፑንቲና በሚልክበት ብሎን ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ። መንገዱ ጤነኛ ከሆነ ከ0.2 ቮልት አይበልጥም። 1.7 አነበበ። ጥቁሩን ወደ ዲስትሪቢዩተሩ አካል አዛወርኩት፤ አሁንም ያው ነው። ስለዚህ ከባትሪ እስከ ዲስትሪቢዩተር ያለው ደህና ነው፣ ጥፋቱ ከውስጥ ነው። ቀዩን ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን ላይ አሳረፍኩ፤ 1.5። በሳህኑና በአካሉ መካከል እየጠፋ ነው።

ያ ሳህን ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ ይንቀሳቀሳል። በዲስትሪቢዩተሩ ጎን ያለች ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ድያፍራም አለ፤ ከካርቡራተሩ በቀጭን ቱቦ ቫኪዩም ሲደርሰው ሳህኑን ጎትቶ እሳቱን ያስቀድማል። በዚህ መኪና ቱቦው የሚነሣው የስሮትሉ በር ሲዘጋ ከጫፉ ከፍ ከምትል ቀዳዳ ነው። ሚኒሞ ላይ በሩ ስለሚዘጋ ቫኪዩም አይደርሰውም፤ ሳህኑ ወደ ማረፊያው ይመለሳል። ነዳጅ ሲሰጥ በሩ ቀዳዳዋን ያልፋትና ሳህኑ ይጎተታል።

ቱቦውን ከካርቡራተሩ በኩል ነቅዬ በአፌ ሳብኩት። የቤንዚን ሽታ ጉሮሮዬ ደረሰ። ሳህኑ የጣት ጥፍር ውፍረት ያህል ዞረ፤ ቴስተሩ ከ1.7 ወደ 0.1 ወረደ። ለቀቅኩት፤ 1.7። ሳብኩት፤ 0.1። ረዳቴን “አስነሣና እግርህን አንሣ” አልኩት። ቱቦውን ስቤ በምላሴ ደፈንኩት። ሞተሩ ቆመ፤ የቆመው ግን እንደ ጠዋቱ ጠፍቶ አይደለም፣ በሚኒሞ ጸንቶ ነው። ምላሴን ሳነሣ ተንገዳግዶ ጠፋ። መምህሩ ከአግዳሚው ተነሥተው “ምን አደረግከው?” አሉ። ለጊዜው መልስ መስጠት አልችልም ነበር፤ አፌ ሥራ ላይ ነው።

ለሙያው ሰዎች አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቱቦ መሳብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እሳቱ ሲቀደም የጤነኛ ሞተርም ሚኒሞ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሌላ በሽታ ያለበት ሞተር በዚህ ብልሃት የዳነ ሊመስል ይችላል። እኔን ያሳመነኝ የቴስተሩ ቁጥር ነው።

ዲስትሪቢዩተሩን አውጥቼ ሳህኑን አነሣሁ። ከሳህኑ ወደ አካሉ የምትሄድ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነች የመዳብ ሽቦ አለች፤ ርዝመቷ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ከላይ ስትታይ ሙሉ ናት። በካቻቢቴ ጫፍ ቀና ሳደርጋት ብሎኑ በሚይዛት አንገቷ ላይ ተበጥሳለች፤ አምስት ወይም ስድስት የፀጉር ያህል ክሮች ብቻ ቀርተዋል፣ እነሱም አረንጓዴ ዝገት በልቷቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ተጣጥፋለች። ሳህኑ ማረፊያው ላይ ሲሆን የተበጠሱት ጫፎች ይራራቃሉ፤ ሲጎተት ይነካካሉ። ሚኒሞ ላይ የሚታመም፣ መንገድ ላይ የሚድን መኪና ከዚህ ይወጣል።

ሮቢትስ? እኔ እንደምረዳው ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሎቹ ባለሙያዎች የሚኒሞውን ብሎን አጥብቀው የስሮትሉን በር ከፍ ስላደረጉት የበሩ ጫፍ ቀዳዳዋን በትንሹ ገልጧታል። ደብረ ብርሃን ላይ የውጭው አየር ግፊት ራሱ አነስተኛ ስለሆነ በዚያች ክፍተት የሚደርሰው ቫኪዩም የድያፍራሙን ስፕሪንግ አያሸንፍም። 1,500 ሜትር ወርዶ አየሩ ሲወፍር የቫኪዩሙ ጉልበት ይጨምራል፣ ሳህኑ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፣ ክሮቹ ይነካካሉ። ከፍታው ውሸት አልተናገረም፤ የመሰከረው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው።

ያቺን ሽቦ የሚሸጥ ሰው ፍለጋ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ድረስ መላክ አላስፈለገኝም። ከአሮጌ ሞተሪኖ፣ ከማስነሻው ሞተር፣ ካርቦን ላይ ያለው ጉንጉን ሽቦ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ለስላሳ ነው፣ ክሩ ብዙ ነው። ቆርጬ በሁለቱ ጫፎች ቀለበት አጣብቄ በፒንሳ ጨመቅኩት። በብየዳ አልያዝኩትም፤ የብየዳው ቆርቆሮ ቀልጦ በክሮቹ መካከል ይሰርግና ሽቦውን ግትር ያደርገዋል፣ ከዚያ በብየዳው ጠርዝ ላይ ዳግመኛ ይበጠሳል። ርዝመቱን ሳህኑን እስከ መጨረሻው ድረስ ወዲያና ወዲህ አዙሬ አየሁት፤ መወጠርም፣ ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር መነካካትም የለበትም። ከመግጠሜ በፊት ዘንጉን በእጄ ወዘወዝኩት፤ ጤነኛ ነው። ያረጀ ቢሆን ታይሚንጉ ሚኒሞ ላይ ይዘላል፣ ምርመራውም ገና ይቀጥል ነበር። ድያፍራሙም ቢቀደድ ቱቦውን በምላስ ስደፍን ቫኪዩሙን አይዝልኝም ነበር።

ከባዱ ሥራ የሌሎችን ማስተካከያ መመለስ ሆነ። ጠባቡን ጄት አወጣሁት፤ ኦሪጅናሉን መምህሩ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር፣ እንደ መምህር ነው ያስቀመጡት፣ ቀኑን ጽፈው። የሚኒሞውን ብሎን ሦስት ዙር ያህል መለስኩት። ፑንቲናውን 0.45 ሚሊ ሜትር፣ ድዌሉን፣ ፑንቲናው ገጥሞ የሚቆይበትን ዙር፣ 52 ዲግሪ፣ ካንዴላዎቹን ጠርጌ 0.8 ሚሊ ሜትር አደረግኳቸው። ታይሚንጉን የቫኪዩም ቱቦውን ነቅዬና ደፍኜ መታሁት። መጽሐፉ 8 ዲግሪ ቀደም ይላል፤ እኔ 10 ሰጠሁት፤ በስስ አየር ቃጠሎው ስለሚዘገይ በዚህ ከፍታ ሁለት ዲግሪ መጨመር ልማዴ ነው፣ የማንኳኳት ሥጋትም እዚህ አነስተኛ ነው። የነዳጅና የአየሩን ብሎን በጆሮዬ አስተካከልኩት። ሚኒሞው በደቂቃ 780 ላይ ጸና። ቴስተሩ፣ ሳህኑ የትም ይሁን የት፣ 0.1።

በማግሥቱ መምህሩ እየነዱ፣ እኔ ጎናቸው ተቀምጬ ወጣን። ጣርማበር ጉም ነበረው። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ፍሪሲዮን እንዲረግጡ ጠየቅኳቸው፤ ሞተሩ ወረደ፣ 800 አካባቢ ያዘ፣ ቆየ። አራት ጊዜ አስደገምኳቸው። ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ የሚሸጡት ሴቶች መስኮቱን ከበቡትና መምህሩ ሞተሩን ሳያጠፉ የገብሱ ይሻላል የስንዴው እያሉ መከራከር ጀመሩ። ወደ ታች አየሁ። የቀኝ ጫማቸው አፍ ፍሬኑ ላይ፣ ጎኑ ነዳጅ መስጫው ላይ ተጋድሟል።

“መምህር፣ እግርዎን ያንሡ።”

ዘወር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ እግራቸውን አዩ። ቀስ አድርገው፣ እንደ ተኛ ሕፃን፣ ከፔዳሉ ላይ አነሡትና ሞተሩን አዳመጡ። ሴትየዋ የገብሱን አንድ ጣሳ ጨምራ መስኮቱ ላይ ደገፈችላቸው።